የጠያቂ ሰዓት

እኔንና ሲስተርን የሚለየው ግድግዳ፣ ግድግዳ የሚባለው በይሉኝታ ነው። እሷ ስታስነጥስ እኔ ከዚህ ሆኜ «ይማርሽ» እላታለሁ። ቤቱን ስከራይ አከራዩ «ጎረቤትሽ ነርስ ናት፤ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሥራ ነው። መኖሯንም አታውቂም» ብሎ ነበር ያስገባኝ። አከራይ ምን ይሳነዋል! ገና በገባሁ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ የስፌት መኪናዬን አቁሜ ቁልፍ ስተክል፣ ከወዲያ በኩል «በቅድሚያ ጥሪዬን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳልስቱም። ሰው የሚበዛባት ሴት ናት አልኩ። ቅናት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም፤ እኔ ዘንድ ሱሪ ሊያሳጥር ካልሆነ ማንም አይመጣም።

ውሎ ሲያድር ግን እንግዶቿ ግራ አጋቡኝ። አይስቁም፣ አያስሉም፣ ወንበር አይጎትቱም። ሲመጡም ሲሄዱም ደረጃው ላይ ኮቴ አይሰማም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ «አመሰግናለሁ» ስትል ጠብቄ ሄጄ አንኳኳሁ። የሥራ ጫማዋን እንደተጫማች፣ የቴሌቪዥን ሪሞት እንደያዘች ከፈተችልኝ። ከጀርባዋ ሦስት ወንበርና አንድ ዱካ ተደርድረዋል። የተቀመጠባቸው ሰው የለም።

«እንግዶችሽ ሄዱ እንዴ?» አልኳት።

«የትኞቹ እንግዶች?»

ወንበሮቹን አየሁ። እሷም ዞር ብላ አየቻቸውና ሪሞቱን ከጀርባዋ ደበቀችው። «ዲፌንስ እየተለማመድኩ ነው» አለችኝ፤ «ወራት ቆይቶ የመመረቂያ ጥናቴን ፈታኞች ፊት አቀርባለሁ፤ ከአሁኑ አፌን እያፍታታሁ ነው። ይሄ ያው ስላይድ መቀየሪያ መሆኑ ነው።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? «ብቻውን የሮጠ ማን ይቀድመዋል!» ብዬ ከት ብዬ ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ በሩ ላይ ተገትረን ቀረን። «ግቢ እንጂ» አለችኝ በመጨረሻ። ገባሁና ዱካው ላይ ተቀመጥኩ።

ታሪኳን የሰማሁት በዚያው ሰሞን ነው። የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ናት፤ ፀጉሯ የሸበተው እዚያው ነው። እናቷ ስትሞት ታናሽ ወንድሟ ገና ጥርሱን ያልቀየረ ልጅ ነበር፤ አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ዳረችው። እሱ ወግ ማዕረግ አይቶ ወደ ሌላው የከተማው ጫፍ ሲሄድ፣ እሷ በቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቀረችና በማታው ክፍለ ጊዜ ኮሌጅ ገባች። ከሥራ ወጥታ፣ እግሯ አብጦ፣ ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር እየተጋፋች ዓመታት ተማረች። የቀራት ያቺ ጥናት ብቻ ነበረች።

ችግሩ ይኸው ነው። ባለፈው ዓመት አቅርባ ወድቃለች። ርዕሷ «የሕሙማን ችግሮች» የሚል ነበር። የሕሙማን ችግር ደግሞ ተጽፎ ያልቃል? መድኃኒቱንም፣ ምግቡንም፣ አልጋውንም፣ ሽንት ቤቱንም አንድ ላይ አጭቃ፣ ጀርባዋን ለፈታኞቹ ሰጥታ ከግድግዳው ላይ ስታነብ ሰዓቱ አልቆባት መሃል ላይ አስቆሟት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ኮሌጁ አንድ ዕድል ብቻ ጨመረላት። ዘንድሮም ከወደቀች ከፕሮግራሙ ትሰረዛለች፤ ያ ሁሉ ማታ ውሃ በላው ማለት ነው።

ዘንድሮ አዲስ አማካሪ ተመደበላት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገር እስክሪብቶ የሚያሽከረክር ወጣት ነው። አንዴ ቤቷ ድረስ መጥቶ አይቼዋለሁ፤ የኮቱ እጅጌ ይረዝምበታል፤ ላሳጥርለት እጄን በልቶኝ ነበር። ዕውቀቱ ግን አይታማም። መጀመሪያ ቀን «ሲስተር፣ ጥያቄዎን በአንድ ትንፋሽ ይንገሩኝ» አላት። ሞከረች፤ ትንፋሿ አለቀ። «እንግዲያው ጥያቄው ገና አልተወለደም» አላት። እያጠበበች፣ እየቀነሰች፣ ሳምንታት ፈጅታ አንድ ጥያቄ ላይ ደረሰች፦ በጠያቂ ሰዓት፣ ጠያቂ የሌላቸው ሕሙማን ምን ያደርጋሉ?

እኔ ይሄን ስሰማ «ይሄም ጥናት ሆኖ ነው? ምን ያደርጋሉ፣ ይተኛሉ እንጂ!» አልኳት።

«እሱን ነው የማጠናው» አለችኝ።

ዕቅዷን በወረቀት ጽፋ የቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጠፈችው። ፈቃድ የምታገኝበት ሳምንት፣ ሕሙማኑን የምታነጋግርበት ሳምንት፣ የምትጽፍበት፣ የምታርፍበትም ጭምር። አማካሪው ሁሉንም ሰው ከማነጋገሯ በፊት ሁለት ሰው ላይ እንድትሞክር አስገደዳት። ደግ አደረገ። መጀመሪያ ያዘጋጀችው ጥያቄ «ለምን ጠያቂ የለዎትም?» የሚል ነበር። አንዷ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሌላው ሰውዬ ቱግ ብሎ «አንቺስ?» አላት። ወደ ቤት መጥታ ጥያቄውን ቀደደችው። ከዚያ በኋላ የምትጠይቀው «በዚህ ሰዓት ምን ሲያደርጉ ይቆያሉ?» ብላ ነው። ሰዎቹ ተናገሩ። እንዲያውም አላቆም አሏት። አንዱ ሽማግሌ የልጅነት ጎረቤቶቻቸውን ሳይቀር ተረኩላት፤ እሷም ማቋረጥ አልሆንላት ብሎ ሲመሽባት ትመጣ ነበር።

የሰበሰበችውን ስትነግረኝ መርፌዬ ቆመ። አንደኛው ሕመምተኛ የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ መታጠቢያ ቤት ይገባና በሩን ቆልፎ ሰዓቱ እስኪያልቅ ይቆያል። አንዲት አሮጊት ያቺኑ የመድኃኒት ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ ገልብጠው እንደገና ያነባሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። አንድ ጡረተኛ ፀጉራቸውን አበጥረው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ይቀመጣሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ይተኛሉ። የቀሩት አብዛኞቹ ዓይናቸውን ጨፍነው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ተኝተዋል ብለን ቀስ ብለን ስናልፍ ኖረናል» አለችኝ። «አንዳቸውም አልተኙም።»

መሃል ላይ አንድ ነገር ተበላሸባት። ፀጉራቸውን የሚያበጥሩት ጡረተኛ ጋ በመጨረሻው ሳምንት የወንድማቸው ልጅ ብርቱካን ይዞ ከች አለ! ጠያቂ አገኙ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከጥናቱ መውጣት ግድ ሆነባቸው። ሲስተር እየሳቀችም እየተከዘችም መጣች። «እንዴት ደስ እንዳላቸው ብታዪ! ብርቱካኑን ለዋርዱ ሁሉ አደሉ። እኔ ግን ከናሙናዬ አንድ ሰው ጎደለብኝ።» የሰው ጠያቂ መምጣት የሚያስተክዘው ነርስ እሷን ብቻ ነው ያየሁት።

«ጎደለ ብለሽ ጻፊዋ» አልኳት።

«ዋርድ ውስጥ ባዶ አልጋ አያድርም» አለችኝ። የነርስ አመል መሰለኝ፤ አላከራከርኳትም። ከጥቂት ቀን በኋላ «ሞላልኝ» አለች። ማን እንደሆነ ስጠይቃት «አንዲት ሴትዮ» ብላ ወደ ሻዩ ዞረች።

ከዚያ ልምምዱ ቀጠለ። እኔም ከሥራዬ ስነሳ እየሄድኩ ዱካዬ ላይ እሰየማለሁ። መካሪ ሆንኩ እላችኋለሁ! «ጩኺ» አልኳት፤ ጮኸች፤ ማዶ ያለው ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ። «በእጅሽ እየጠቆምሽ ተናገሪ» አልኳት፤ የሻይ ብርጭቆ ሰበረች። እኔን መስማት መተዋ በጃት። የሰማችው አማካሪዋን ነው። «ሰው ከአዳራሹ ሲወጣ ይዞት የሚወጣው አንድ ነገር ነው። እሱን መጀመሪያ ይወስኑ፤ ሌላውን ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ያድርጉት» ብሏታል። ስላይዶቿን ግማሽ ያህሉን ጣለች። በቀሩት ላይ ከጥቂት ቃላት በላይ የለም። ትርጓሜና ታሪክ ከመደርደር ይልቅ በአሮጊቷና በመድኃኒት ወረቀታቸው ጀመረች። መጨረሻው ላይ ምን ይደረግ የሚለውን አስቀመጠች፦ የደም ግፊት የሚለካው፣ ፀጉር የሚታጠበው፣ ቁስል የሚታየው በጠያቂ ሰዓት ይሁን፤ መጀመሪያም ጠያቂ የሌላቸው ጋ ይኬድ። ምንም አዲስ ሠራተኛ አያስፈልግም፣ ሰዓት መቀየር ብቻ ነው። እኔ የዋርዱ አለቃ ብሆን በማግስቱ እጀምረው ነበር።

ከሁሉ ያስቸገራት ጥያቄ መመለስ ነበር። አማካሪው «የሚጠይቅዎት ሰው ይፈልጉ» አላት። ያለሁላት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ስለ ናሙና ምን አውቄ! ጉሮሮዬን ጠረግኩና እንደ ፈታኝ ኮስተር ብዬ «ለመሆኑ ስለምን ሳያገቡ ቀሩ?» አልኳት።

ሪሞቱን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። «ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ» አለች። «ይህ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን ፈገግ ካለች በኋላ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጠረጴዛው መመለስ ጀመረች። አንድ ሰው በሚበላበት ጠረጴዛ ዙሪያ አራት መቀመጫ ምን እንደሚሠራ ልጠይቃት አሰብኩና ምላሴን ነከስኩ።

ለዲፌንሱ እያንዳንዱ ተማሪ ቤተሰብ መጋበዝ ይችላል። ሲስተር የጋበዘችው ወንድሟን ነው። «ይመጣል፣ ቃል ገብቶልኛል» ትላለች። ለቀኑ የሚሆን ሰማያዊ ጉርድና ኮት ሰፋሁላት። ስትለብሰው አንድ ነገር ልበል? አማረባት። መስታወት ፊት ቆማ «ወንድሜ ሲያየኝ አያውቀኝም» አለች።

ቀኑ ደረሰ። የአዳራሹ ደጃፍ በሰው ተጨናንቋል። አንዱ ተማሪ እናቱን፣ አክስቶቹን፣ ሚስቱን፣ የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር አስከትሎ መጥቷል። አበባ የያዘ ሰው ብዛቱ! ሲስተር በር በሩን ታያለች። ስልኳ ጠራ። የወንድሟ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «እታለም፣ ድንገተኛ ስብሰባ ገጠመኝ። ደግሞ አንቺ ምን ያቅትሻል፣ ጎበዝ እኮ ነሽ» አላት።

«አይዞህ፣ ሥራህን ሥራ» አለችና ዘጋች። እኔ በንዴት ጨስኩ። ስልኩን ተቀብዬ የልቤን ብነግረው ደስ ባለኝ። እሷ ግን «ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጪልኝ፤ ለመጨረሻው ሰው እንዲሰማ አድርጌ ነው የምናገረው» አለችኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። በዙሪያዬ ያሉት ሁሉ የሌላ ተማሪ ዘመዶች ናቸው፤ ተራው የእነሱ ልጅ እስኪሆን ስልካቸውን ይነካካሉ።

ስትጀምር ግን ስልኩን ሁሉም አስቀመጠ። ግድግዳውን ዞራ አላየችም። በአሮጊቷ ጀመረች። መታጠቢያ ቤት የሚቆልፈውን ሰውዬ ስታነሳ ከፊቴ ያለችው ሴት «ውይ» አለች። አልቸኮለችም፣ አልተንተባተበችም። ከዚያ አንድ ስላይድ መጣ፤ የአንዲት ተሳታፊ ቃል ነው። ሲስተር አነበበችው፦ «መጋረጃው ወለሉ ድረስ አይደርስም። ከስር የሚገቡትን ጫማዎች አያለሁ። ወደ እኔ የሚዞር ጫማ እንደሌለ ሳውቅ፣ የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዝኑልኝ አንሶላውን ተከናንቤ የተኛሁ እመስላለሁ።» ከዚያ ምን ይደረግ ወደሚለው አለፈች፤ ጨረሰች፤ ጊዜም ተረፋት። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ዋና ፈታኟ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። «ሲስተር፣ ጥያቄዎ ጠባብ ነው፣ ግልጽ ነው። ዘዴውም ተገቢ ነው» አለች። እኔ በልቤ አለቀ፣ አለፈች አልኩ። «አንድ ነገር ብቻ ይግለጹልኝ። ይህች ጫማ የምታየው ተሳታፊ ‹የሥራ ባልደረቦቼ› ትላለች። ተኝታ የምትታከመው ዋርዱ ውስጥ ነው። ባልደረቦቿ ዋርዱ ውስጥ ምን ያደርጋሉ?»

ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ ግድግዳውን አየች።

«እርስዎ ነዎት ያነጋገሯት?»

አማካሪዋ እስክሪብቶ ማሽከርከሩን አቆመ። እኔ የፊት ወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ ተነስቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ምን ብዬ እንደምጮህ አላውቅም እንጂ።

«እኔ ነኝ» አለች ሲስተር።

«አዎ፣ ያነጋገሯት እርስዎ—»

«አይ። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ተናገረች፤ ይሄ በልምምዱ ውስጥ አልነበረም። እኔ ጎረቤቷ ከመሆኔ በፊት የሳንባ ምች ይዟት በራሷ ዋርድ ውስጥ ተኝታለች። ባልደረቦቿ ክፉ አልነበሩም። በየሰዓቱ መጡ፤ መድኃኒት ሰጧት፣ ሙቀቷን ለኩ፣ «አይዞሽ» እያሉ ጋሪያቸውን ገፍተው አለፉ። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ግን ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ፤ እሷም ስትሠራ የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነበር። ወንድሟ ስልክ ደውሎ ነበር። «ሥራ ይበዛብሃል፣ አትምጣ አልኩት» አለች፤ «አትምጣ ስለው አልመጣም።» ጡረተኛው ጠያቂ ሲያገኙ ቦታቸው ባዶ ሆነ። በማን እንደምትሞላው ስታስብ፣ ልክ የሚሆን ሰው ሩቅ ሄዳ መፈለግ አላስፈለጋትም።

አዳራሹ ውስጥ ያ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያልን ስንኖር መድኃኒት የምታድለዋን ሴት ማን አየልን? ተናደድኩ። በወንድሟ ተናደድኩ፣ በዋርዱ ተናደድኩ፣ ከፊቴ ባለችው «ውይ» ባይም ተናደድኩ።

ፈታኞቹ ወጥተው ተመካከሩ። ሲመለሱ ዋና ፈታኟ መነጽሯን አውልቃ ነበር። «ጥናቱ አልፏል» አለች። «ነገር ግን አጥኚ በራሷ ጥናት ውስጥ ተደብቃ ተሳታፊ ልትሆን አትችልም። ያቺን ተሳታፊ ያውጡ፤ አንድ ሰው እንደጎደለና ለምን እንደጎደለም በግልጽ ይጻፉ። ሲስተር፣ አዝናለሁ። ደንብ ነው።»

አለፈች! ዘልዬ ሄጄ አቀፍኳት። ውጭ ቤተሰቦች ፎቶ እየተነሱ ነበር፤ አንዱ እኛን ዘወር በሉልን አለን፣ ዘወር አልንለት። እርማቱ በዚያው ቀን ቢገባ ይሻላል ብሎ አማካሪዋ ወደ ቢሮው ወሰደን። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሰንጠረዡን አወጣላትና ወንበሩን ለቀቀላት። የተሳታፊዎቹ መልስ በየረድፉ ተደርድሯል። የራሷን ረድፍ መረጠች፤ ጠቆረ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቆመ።

ወጣቱ የፈራች መሰለው። ከልቡ ሊያጽናናት ጎንበስ ብሎ «አይጨነቁ ሲስተር» አላት። «እርስዎ ቢወጡም ውጤቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለችና ተጫነችው።

ረድፉ ጠፋ፤ ከሥር ያሉት ወደ ላይ ተጠጉ። እኔ ያለ ኀፍረት አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። የታረመው ወረቀት በስንት ቅጂ እንደሚያስፈልግ ጠየቀችው።